የሞተር አልባ አውሮፕላኖችን ገጽ የሚያጸዱ ኬሚካሎች አመራረጥና ለተቋማት ያለው ትምህርት

አንድ ንብረት የሚያገለግልበት ዘመን በተሠራበት ቁስ ጥራትና በሚደረግለት እንክብካቤ ይወሰናል። ጽዳት ከእንክብካቤ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ተደርጎ ስለሚታይ አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ሠራተኛ የሚተውና ብዙ ክትትል የማይደረግበት ተግባር ነው። ይሁንና ለጽዳት የሚውለው ፈሳሽ ያለ ዕውቀት ከተመረጠ ንብረቱን ሊያበላሽ፣ የሠራተኛውን ጤና ሊጎዳና የእሳት አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ይህንን በግልጽ ከሚያሳዩ ዘርፎች አንዱ ግላይደር በመባል የሚታወቀው ሞተር አልባ አውሮፕላን እንክብካቤ ነው። የግላይደር ውጫዊ ገጽ ጄልኮት በሚባል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን የተሸፈነ ሲሆን፣ ይህን ሽፋን በምን ማጽዳት እንደሚገባ በመስኩ የተሰማሩ ባለሙያዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመክሩበት የቆየ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአሟሚ ፈሳሾች አመራረጥ የሚመራባቸውን መሠረታዊ ነጥቦች፣ እንዲሁም ኬሚካሎችን ገዝተው ለሚጠቀሙ የአገራችን ተቋማት የሚኖራቸውን ፋይዳ ለማስረዳት ይሞከራል።

ግላይደርና የፋይበር ግላስ ቴክኖሎጂ

ግላይደር ያለ ሞተር ኃይል፣ ወደ ላይ የሚወጣ ሞቃት አየርን ወይም ተራራ ገጭቶ ሽቅብ የሚነሳ ነፋስን በመጠቀም ለረጅም ሰዓት መብረር የሚችል አውሮፕላን ነው። ዘመናዊ ግላይደር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነስቶ ሌላ አጋዥ ነፋስ ሳያገኝ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊንሳፈፍ ይችላል። ይህ ብቃት የሚገኘው የክንፉ ቅርጽ በከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራና ገጹም እጅግ ለስላሳ በመሆኑ ነው።

የስፖርቱ ዋነኛ መነሻ ጀርመን ናት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ስምምነት በጀርመን የሞተር አውሮፕላን ሥራ ላይ ገደብ በመጣሉ፣ በርካታ ወጣቶችና መሐንዲሶች ፊታቸውን ወደ ሞተር አልባ በረራ አዙረዋል። እ.ኤ.አ በ1920 በሮን ተራሮች በሚገኘው ቫሰርኩፐ በተባለ ከፍታ ቦታ የመጀመሪያው ውድድር ተካሂዷል። በዚያ ዘመን አውሮፕላኖቹ የሚሠሩት ከእንጨትና ከጨርቅ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ በ1957 ነው። በሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የበረራ ቡድን ውስጥ የተሠራው ፊኒክስ የተባለ ግላይደር በዚያ ዓመት ኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ፊኒክስ በፋይበር ግላስ የተሠራ የመጀመሪያው ግላይደር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የጀርመን አምራቾች ከእንጨት ሥራ ወደ ፋይበር ግላስ፣ ቆየት ብሎም ወደ ካርቦን ፋይበር ተሸጋግረዋል።

ቴክኖሎጂው በአውሮፕላን ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በዚያው በሽቱትጋርት ያስተምሩ የነበሩትና ቀደም ሲል ግላይደሮችን ይነድፉ የነበሩት ኡልሪሽ ሁተር፣ የምላጮቹ መሽከርከሪያ ዲያሜትር 34 ሜትር የሆነና 100 ኪሎ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የነፋስ ተርባይን በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥራ አብቅተዋል። የዚህ ተርባይን ምላጮች የተሠሩት ከፋይበር ግላስ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የነፋስ ኃይል የሚያመነጩ ተርባይኖች ምላጮችም በዋናነት ከዚሁ ዓይነት ቁስ የሚሠሩ ናቸው።

ጄልኮት ምንድን ነው?

ፋይበር ግላስ ከቀጫጭን የመስታወት ክሮችና ክሮቹን አጣብቆ ከሚይዝ ሬዚን ከተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ የሚሠራ ቁስ ነው። ሸክሙን የሚሸከሙት ክሮቹ ሲሆኑ፣ ሬዚኑ ደግሞ ክሮቹ በቦታቸው እንዲጸኑ ያደርጋል። በግላይደር ሥራ ለዋናው አካል በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው ኢፖክሲ የተባለው ሬዚን ነው።

ኢፖክሲ ጠንካራ ቢሆንም የፀሐይ ጨረርን ለረጅም ጊዜ አይቋቋምም። በመሆኑም ከላዩ ጄልኮት ይደረግበታል። ጄልኮት በአብዛኛው ፖሊስተር ከተባለ ሬዚንና ነጭ ቀለም ከሚሰጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአምራቹ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ይረጫል። ክሮቹና ኢፖክሲው የሚነጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጄልኮት ካለቀ ዕቃ ላይ እንደሚቀባ ቀለም ሳይሆን ከአካሉ ጋር አብሮ የሚወለድ ቆዳ ነው ማለት ይቻላል። ውፍረቱም በአብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው።

የግላይደሮች ቀለም ነጭ የሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የኢፖክሲ ጥንካሬ ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል። የብዙዎቹ ግላይደሮች አካል ጥንካሬ የሚረጋገጠው እስከ 54 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ሲሆን፣ ነጭ ገጽ የፀሐይን ብርሃን በማንጸባረቅ ሙቀቱ ከዚህ እንዳያልፍ ያግዛል።

ጄልኮት ግን ዘላለማዊ አይደለም። የፀሐይ ጨረር፣ እርጥበትና የሙቀት መለዋወጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ ያደክሙታል። አውሮፕላኑ ከሞቃት መሬት ተነስቶ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደሆነ አየር ሲወጣ ጄልኮቱና ከሥሩ ያለው አካል የሚኮማተሩት በተለያየ መጠን ነው። በዚህም ምክንያት ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። በስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ ከፍታ ላይ ሲቀዘቅዝ ወደ በረዶነት ይለወጥና ስንጥቁን የበለጠ ያሰፋዋል። ስንጥቁ በጊዜ ካልታየም ወደ ዋናው አካል ሊዘልቅ ይችላል።

የአንድን ግላይደር ጄልኮት ሙሉ በሙሉ ፍቆ መተካት በመቶዎች የሚቆጠር የሥራ ሰዓትና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለጽዳቱ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረገው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቆሻሻውን መለየት ይቀድማል

ባለሙያዎች የሚከተሉት የመጀመሪያው መርህ ቀላል ነው። ምን እንደሚጸዳ ሳይታወቅ በምን እንደሚጸዳ አይወሰንም። በግላይደር ገጽ ላይ የሚገኙት ቆሻሻዎች የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ናቸው።

በበረራ ወቅት በክንፉ ፊት ለፊት ላይ የሚለጠፉ ነፍሳት ቅሪት፣ አቧራና ጭቃ በውሃ የሚለቁ ናቸው። የነፍሳት ቅሪት ቢደርቅ እንኳ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲቀመጥበት ይርሳል። ለዚህ ዓይነቱ ቆሻሻ ንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅና አሲድነትም ሆነ አልካላይነት የሌለው ለዘብተኛ ሳሙና ከበቂ በላይ ነው። ውሃው በኃይል መረጨት ወይም በቀዳዳዎችና በመጋጠሚያዎች በኩል ወደ ውስጥ መግባት አይኖርበትም። ከታጠበ በኋላም ገጹ በደንብ መድረቅ አለበት።

ቅባት፣ የጎማ አሻራ፣ ያረጀ ሰም እንዲሁም ክንፉና የአውሮፕላኑ አካል በሚጋጠሙበት ቦታ የሚለጠፈው ቴፕ ትቶት የሚሄደው ሙጫ ግን በውሃ አይለቁም። አሟሚ ፈሳሽ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ስለሆነም አሟሚ ፈሳሽ የአውሮፕላኑ መደበኛ ማጠቢያ አይደለም። ጥቅም ላይ የሚውለው በተወሰነ ቦታ ላይ ለሚገኝ፣ ውሃና ሳሙና ላልቻሉት ቆሻሻ ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል

በኬሚስትሪ ትምህርት እንደሚታወቀው አንድ ፈሳሽ አንድን ነገር የሚያሟሟው በሁለቱ ሞለኪውሎች መካከል ያለው የመሳሳብ ባሕርይ ሲቀራረብ ነው። ቅባት በውሃ የማይለቀውና በነጭ ጋዝ የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አስተሳሰብ በቁጥር እንዲገለጽ ካደረጉት መካከል ቻርልስ ሃንሰን የተባሉት ተመራማሪ ይገኙበታል። እርሳቸው እ.ኤ.አ በ1967 በኮፐንሃገን ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት እያንዳንዱን ፈሳሽ በሦስት መለኪያዎች የሚገልጽ ዘዴ ያስተዋወቁ ሲሆን፣ የቀለምና የፕላስቲክ ኢንዱስትሪዎች እስከ አሁን ይጠቀሙበታል።

ከዚህ መርህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለጽዳት የሚመረጠው ፈሳሽ ከቆሻሻው ጋር የሚቀራረብ፣ ከሥሩ ካለው ገጽ ጋር ግን የሚራራቅ መሆን አለበት። ቆሻሻውንም ገጹንም እኩል የሚያጠቃ ፈሳሽ ኃይለኛ ሊባል ቢችልም ለሥራው ተስማሚ አይደለም።

በሚገባ የደረቀ ፖሊስተር ሞለኪውሎቹ እንደ መረብ የተሳሰሩ በመሆናቸው በአሟሚ ፈሳሽ እንደ ስኳር አይሟሟም። ነገር ግን አንዳንድ ፈሳሾች በመረቡ ቀዳዳዎች ገብተው ቁሱን ሊያሳብጡትና ሊያለሰልሱት ይችላሉ። ፈሳሹ ተንኖ ሲወጣ ደግሞ ገጹ ተመልሶ ስለሚኮማተር ለስንጥቅ ይጋለጣል። በመሆኑም የፈሳሹ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በገጹ ላይ የሚቆይበት ጊዜም ወሳኝ ነው።

ከዚህ አኳያ በብዛት የሚታወቁት ፈሳሾች እንደሚከተለው ይታያሉ።

የመጀመሪያው ከነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው፣ የቤንዚን ዘር የሆነ የማጽጃ ፈሳሽ ነው። በጀርመን ለልብስና ለዕቃ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት የዚህ ምሳሌ ነው። ሰምን፣ ቅባትንና የቴፕ ሙጫን በሚገባ ያነሳል። የፖሊስተር ባሕርይ ከእርሱ የራቀ በመሆኑም በጄልኮት ላይ የሚያደርሰው ጫና አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው አይሶፕሮፒል አልኮል ሲሆን፣ በሕክምና ተቋማትም የሚታወቅ ነው። ቀላል ቅባትንና የአንዳንድ ቴፖችን ሙጫ ለማንሳት ያገለግላል። በጨርቅ ተነክሮ ለአጭር ጊዜ ከተጠረገ በጄልኮት ላይ ጉዳት አያደርስም።

ሦስተኛው አሴቶን ነው። አሴቶን በፋይበር ግላስ ሥራ ውስጥ ያልደረቀ ሬዚንን ከመሣሪያ ላይ ለማጠብ የሚያገለግል በመሆኑ በየጥገና ክፍሉ ይገኛል። ባለሙያዎች ጥገና ከማካሄዳቸው በፊት አንድን ቦታ በፍጥነት ለመጥረግ ይጠቀሙበታል። በጄልኮት ላይ ከቆየ ግን ሊያሳብጠው ስለሚችል ለመደበኛ ጽዳት አይመከርም። አውሮፕላኑ ቀደም ሲል በሌላ ቀለም የተቀባ ከሆነም አሴቶን ቀለሙን ሊያነሳው ይችላል።

አራተኛው በየቀለም መደብሩ የሚገኘው ቲነር ነው። ቲነር የአንድ ኬሚካል ስም አይደለም። ቶሉዊን፣ አሴቶን፣ የተለያዩ አልኮሎችና ሌሎች ፈሳሾች በተለያየ መጠን የሚቀላቀሉበት ድብልቅ ነው። የአንዱ አምራች ቲነር ከሌላው ስለሚለይ ባለፈው ወር ጉዳት ያላደረሰው ዘንድሮ በተገዛው ጣሳ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይዘቱ በማይታወቅ ድብልቅ ዋጋው ከፍተኛ የሆነ ንብረት ማጽዳት ተገቢ አይሆንም።

አምስተኛው ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት የቀለም መላጫ ነው። ይህ ፈሳሽ ፖሊስተሩንም ከሥሩ ያለውን ኢፖክሲም የሚያጠቃ በመሆኑ በፋይበር ግላስ አውሮፕላን ላይ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ያረጀ ጄልኮት የሚነሳው በአሸዋ ወረቀት እየተፈቀፈቀ እንጂ በኬሚካል አይደለም። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያሉ ኃይለኛ አልካላይ ማጽጃዎችም የፖሊስተርን ሞለኪውል የሚበጥሱ በመሆናቸው ከዚሁ ምድብ ይመደባሉ።

ከገጹ ሥር ያለውና ከጎኑ ያለው

በጽዳት ወቅት ጄልኮቱን ብቻ ማየት በቂ አይደለም። የበርካታ ግላይደሮች ክንፍ በሁለት ስስ የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል አረፋ መሰል ፕላስቲክ የያዘ ነው። ስንጥቅ ባለበት ቦታ ላይ አሟሚ ፈሳሽ ቢፈስ ወደዚህ ክፍል ሊሰርግ ይችላል። ለምሳሌ ፖሊስታይሪን የተባለው አረፋ በአሴቶንና በቶሉዊን ወዲያውኑ የሚሟሟ ነው። ከውጭ ሲታይ ጤናማ የሚመስል ክንፍ ከውስጡ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ፈሳሹ በጨርቅ ላይ ይደረጋል እንጂ በቀጥታ በአውሮፕላኑ ላይ አይፈስም።

የአብራሪው ክፍል ግልጽ ሽፋንም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ሽፋኑ መስታወት ቢመስልም አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክ ነው። አክሪሊክ በአሴቶን ይሟሟል፤ አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሲነካው ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ያወጣል። ስንጥቁ የአብራሪውን እይታ ይጋርዳል፤ የሽፋኑንም ጥንካሬ ይቀንሳል። ለዚህ ክፍል ንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅና ለአክሪሊክ ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ ብቻ ይውላል። በክንፉ ላይ ምንም ጉዳት ያላደረሰው አይሶፕሮፒል አልኮል ከሁለት ሜትር ርቀት ባለው ሽፋን ላይ ጉዳት ማድረሱ የአንድ ፈሳሽ ደኅንነት በሚያርፍበት ቁስ እንደሚወሰን ያሳያል።

ሲሊኮን ያለባቸው ማብሪያዎችም ሌላው ችግር ናቸው። ገጹን ለጊዜው ያሳምራሉ። ሆኖም ሲሊኮን በጥቃቅን ስንጥቆች ውስጥ ስለሚቀር ወደፊት ጥገና ሲደረግ አዲሱ ሬዚን ወይም ቀለም አይይዝም። ስለዚህ በመስኩ የሚመረጠው ሲሊኮን የሌለበት ጠንካራ ሰም ነው።

አሠራሩን በተመለከተም የተለመደው ሥርዓት የሚከተለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የአምራቹ የጥገና መመሪያ ይነበባል፤ መመሪያው የሚለው ከማንኛውም ልማዳዊ ምክር በላይ ነው። ቀጥሎ ከዘብተኛው ወደ ኃይለኛው በደረጃ ይኬዳል። አዲስ ፈሳሽ ከሆነ በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከርና ገጹ መለስለሱ፣ መደብዘዙ ወይም ቀለም መልቀቁ ይታያል። ከዚያም በአንድ እጅ በእርጥቡ ጨርቅ ተጠርጎ ፈሳሹ ሳይተን በሌላው እጅ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይነሳል። ፈሳሹ በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ የሟሟው ቆሻሻ ተመልሶ በገጹ ላይ ይቀመጣል። የጽዳቱ ሰዓት ለፍተሻ ምቹ ጊዜ በመሆኑ የተገኘ ስንጥቅ ሁሉ ተመዝግቦ ለጥገና ኃላፊ ይቀርባል።

የሠራተኛው ጤና

አውሮፕላኑ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ ሊተካ ይችላል። በሰው ላይ የሚደርሰው ግን እንደዚያ አይደለም።

አሟሚ ፈሳሾች በአብዛኛው በፍጥነት የሚተኑ በመሆናቸው በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባሉ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ድካም የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ቆዳንም ተፈጥሯዊ ቅባቱን በማጠብ ያደርቁታል፤ ከዚያም ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ይቆጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉዳት ያደርሳሉ።

ቤንዚን በተባለው የመኪና ነዳጅ ውስጥ የሚገኘውና በጀርመን ቤንዞል ተብሎ የሚጠራው ኬሚካል የደም ካንሰር የሚያስከትል መሆኑ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በመጀመሪያው የአደጋ ምድብ አስቀምጦታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ በመኪና ነዳጅ ውስጥ ያለው መጠን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ የደነገገውም በዚህ ምክንያት ነው። ኖርማል ሄክሳን የተባለው ፈሳሽ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቮችን የሚጎዳ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በጃፓን በጫማ ሥራ ላይ በተሰማሩ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ጉዳት በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

ሜቲሊን ክሎራይድ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በከፊል ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ ከ2000 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት የመታጠቢያ ገንዳዎችን ገጽ በዚህ ፈሳሽ ይልጡ የነበሩ 13 ሠራተኞች መሞታቸውን የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ በ2012 ይፋ አድርገዋል። ሠራተኞቹ ይሠሩ የነበረው በጠባብና አየር በማይዘዋወርባቸው የመታጠቢያ ክፍሎች ውስጥ ነበር። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ በ2024 የዚህን ኬሚካል አብዛኛዎቹን አጠቃቀሞች የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

የመከላከያ መሣሪያም እንደ ኬሚካሉ ይለያያል። ለአቧራ የሚደረግ የጨርቅ ወይም የወረቀት ጭምብል ትነትን ፈጽሞ አያስቀርም። በሕክምና ተቋማት የተለመደውን ናይትራይል ጓንት አሴቶን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ለአሴቶን የሚሻለው ከቢውታይል ጎማ የተሠራ ጓንት ነው። ጓንት አድርጌአለሁ ብሎ የሚሠራ ሰው ጓንቱ የማይከላከል ከሆነ ፈሳሹን ከቆዳው ጋር አፍኖ እንደያዘ ይቆጠራል።

የእሳት አደጋ

ከላይ የተጠቀሱት አብዛኛዎቹ ፈሳሾች ተቀጣጣይ ናቸው። አንድ ፈሳሽ በብልጭታ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛ ሙቀት አለው። ይህ መጠን ለአሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ፣ ለቶሉዊን 4 ዲግሪ፣ ለአይሶፕሮፒል አልኮል ደግሞ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በተለመደው የቀን ሙቀት ሁሉም ለመቀጣጠል ዝግጁ ናቸው ማለት ነው።

ቁጥሮቹ የሚገለጹት በባሕር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ተሰልተው ነው። የአየር ግፊት ዝቅ ባለበት ከፍታ ቦታ ፈሳሾች በቀላሉ ስለሚተኑ መጠኑ በጥቂት ዲግሪዎች ይወርዳል። እንደ አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች የሚሠሩ ተቋማት ይህን ግምት ውስጥ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል። ትነቱ ከአየር የሚከብድ በመሆኑም ወለል ለወለል ተጉዞ ርቆ ከሚገኝ የእሳት ምንጭ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የተነከሩ ጨርቆች ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጡ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ስም የሚፈጥረው ስሕተት

በኬሚካል ግዥ ውስጥ ከሚያጋጥሙ ችግሮች አንዱ የስም መመሳሰል ነው። በአማርኛ ቤንዚን የምንለው የመኪና ነዳጅ ነው። በእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል የሚያመለክተው ግን ካንሰር አምጪውን ኬሚካል ነው። በጀርመንኛ ደግሞ ይኸው ድምፅ ከነዳጅ የሚጣራውን ማጽጃ ፈሳሽ ጭምር ይጠራል። በተመሳሳይም በውጭ አገር መመሪያዎች ናፍታ ተብሎ የሚጠቀሰው በፍጥነት የሚተን ማጽጃ በእኛ አገር ናፍጣ ከምንለው ከባድ የመኪና ነዳጅ ጋር አንድ አይደለም። ናፍጣ በገጽ ላይ ቅባት ትቶ የሚሄድ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለዚህ ችግር ዓለም አቀፍ መፍትሔ ተበጅቶለታል። እያንዳንዱ ኬሚካል ካስ ቁጥር በሚባል የራሱ መለያ ይታወቃል። የአሴቶን ቁጥር 67-64-1፣ የአይሶፕሮፒል አልኮል 67-63-0፣ የቶሉዊን 108-88-3፣ የሜቲሊን ክሎራይድ 75-09-2፣ ካንሰር አምጪው ቤንዞል ደግሞ 71-43-2 ነው። ቁጥሩ በየትኛውም ቋንቋ አይለወጥም።

ከዚህ በተጨማሪ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2003 ባሳተመው ዓለም አቀፍ የኬሚካሎች አመዳደብና መለያ ሥርዓት መሠረት አምራቾች 16 ክፍሎች ያሉት የደኅንነት መረጃ ሰነድ ያዘጋጃሉ። ሰነዱ የኬሚካሉን ይዘት፣ አደገኛነት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ አሰጣጥ፣ የእሳት ማጥፊያ ዘዴ፣ አያያዝና የመከላከያ መሣሪያ ዓይነት በዝርዝር የሚገልጽ ነው።

ለአገራችን ተቋማት ያለው ትምህርት

የግላይደር ስፖርት ለአብዛኛው አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። የጽዳቱ ጥያቄ ግን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳና በ2015 የተጠናቀቀው ሁለተኛው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምላጮች የፋይበር ግላስ ሥራ ውጤቶች ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከፋይበርና ከሬዚን በተዋሐደ ቁስ የተሠራ ነው። ሬዚኑም ሆነ የገጹ ሽፋን ከዓይነት ዓይነት ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ የአምራቹን መመሪያ መከተል ግድ ይላል፤ ቁሱን ለይቶ ፈሳሹን የመምረጡ መርህ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ከዚህም አልፎ በጋራዦች የሞተር ክፍሎችን በቤንዚን ማጠብ፣ በማተሚያ ቤቶች ቀለምን በቲነር ማጽዳት፣ ከሥራ በኋላም እጅን በእነዚሁ ፈሳሾች መታጠብ በስፋት የሚታይ ልማድ ነው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርቡና ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያስገነዝቡ ግዴታ ጥሎባቸዋል።

በመሆኑም ኬሚካል የሚገዙና የሚጠቀሙ ተቋማት ኃላፊዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎችን መውሰድ ይችላሉ። በግዥ ዝርዝር መግለጫ ላይ ቲነር ወይም ማጽጃ ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የኬሚካሉን ስምና ካስ ቁጥር መጥቀስ፣ አቅራቢው የደኅንነት መረጃ ሰነዱን ከዕቃው ጋር እንዲያስረክብ በውል ማስገደድና ሰነዱን ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ አሳጥሮ በሥራ ቦታ መለጠፍ ተጠቃሽ ናቸው። ንብረት ክፍሎችም ከዋናው ዕቃ ወደ ሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ ፈሳሽ መለያ ጽሑፍ ሳይለጠፍበት ወጪ እንዳይሆን መቆጣጠር ይኖርባቸዋል። የመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስን ለኬሚካል ማስቀመጫነት መጠቀም ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል በመሆኑ ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት።

ባጠቃላይ አንድን ገጽ ለማጽዳት የሚመረጠው ፈሳሽ ቆሻሻውን የሚያነሳ፣ ገጹን የማይጎዳና ሠራተኛውን የማያሳምም ሊሆን ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ምርጫው እንደገና መታየት አለበት። ውሃና ሳሙና ያልተሞከረበት ሥራ ደግሞ ወደ አሟሚ ፈሳሽ ግዥ ባይሄድ ለንብረቱም፣ ለሠራተኛውም፣ ለመንግሥት በጀትም የሚጠቅም ይሆናል።